ስምንት ሰው በእህል ሚዛን ላይ

«ማንም የማንንም እንዳያይ!» አለ ቨርሊን ሩስካ፣ በእራት ጠረጴዛው ዙሪያ ብጣሽ ወረቀት እያደለ። «ክብደታችሁን ጻፉ፣ እጠፉ፣ ለዴሌኒ ስጡ። እሷ ትደምራለች።»

«ለምን እኔ?» አለች ዴሌኒ።

«አፍሽ ብቻውን ሲሠራ ስለሚውል። ዛሬ እጅሽም ይሥራ።»

ታናናሾቿ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ዴሌኒ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከስድስት ልጆች ሁለተኛዋ። ለሂሳቡ የተመረጠችው ጎበዝ ሆና አይደለም። ሌላ ሰው ቢመረጥ ከጎን ሆና እየለከፈች እንደማታስጨርሰው አባቷ ስለሚያውቅ ነው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ምክንያት ግቢያቸው ውስጥ የቆመው ተጎታች ቤት ነው። ከጡረተኛ ባልና ሚስት ሚያዝያ ላይ ነው የገዙት። ሃያ ስምንት ጫማ ይረዝማል፤ ተደራራቢ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው። ልጆቹ አልጋውን ተከፋፍለው ጨርሰዋል፤ መንትዮቹማ ስማቸውን ግድግዳው ላይ ጽፈው ተቀጥተውበታል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጎትተው መኪና። የድሮዋ የቤተሰቡ መኪና ተጎታቹ በመጣ በሳምንቱ ማርሿ ተሰባብሮ ቀረች። ዴሌኒ «የሚጠብቃትን አይታ በድንጋጤ ሞተች» ትላለች።

ጊዜ ደግሞ የለም። የበኩሩ ልጅ ግራንት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ባሕር ኃይል ይገባል። በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜው ያየው ትልቁ ውሃ የአጎቱ የከብት ኩሬ ነው፤ ግን ፈርሟል፣ አለቀ። ከዚያ በፊት ስምንቱም አብረው ኮሎራዶ ተራራ ላይ አሥር ቀን ያሳልፋሉ ተብሏል። ዴሌኒ ተራራው አጓጉቷት አይደለም፤ ተራራ ያው ወደ ላይ የቆመ መሬት ነው። ግን ግራንት የሌለበትን ቤት ልታስበው ስትሞክር አይመጣላትም። አሥሩን ቀን ፈልጋዋለች። ግራንት ያለበትን አሥር ቀን።

መኪና መምረጥ ቀላል መስሏት ነበር። አጎታቸው ዴል ነው መጀመሪያ ያወዛገባቸው።

«ፒክአፕ ግዛ» አለ፣ እንደ ሐኪም። «ወንድ ልጅ ቤቱን በሌላ ነገር አይጎትትም።»

«ፒክአፕ ስድስት ሰው ነው የሚይዘው» አለች እናታቸው ጆሊን። «ሁለቱስ?»

ዴል አገጩን አከከ። አሰበ። አስቦ አስቦ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

የመኪና ሻጩ ግን ምንም አልቸገረውም። ፈገግታው ከፊቱ የሚሰፋ ሰው ነው። አንድ ጥቁር፣ እንደ ጫማ የተወለወለ ትልቅ የቤተሰብ መኪና በር ከፈተላቸውና «ስምንት ወንበር!» አለ። «ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ፓውንድ ይጎትታል። የእናንተ ተጎታች ስድስት ሺህ ምናምን ነው። ሁለት ሺህ ተርፎዎት እያፏጩ ይነዳሉ ጌታዬ!» ቨርሊን መሪውን ሲይዝ ሃያ ዓመት ከፊቱ ላይ ረገፈ። ሻጩም ይህን አይቶ «ይዘውት ይሂዱ፤ ዛሬ ከቤተሰብዎ ጋር ይሞክሩት። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንፈራረማለን» አለው።

ወረቀቷን ያየቻት ጆሊን ናት። ቤት ደርሰው የሾፌሩን በር ስትከፍት፣ በሩ የሚገጥምበት ብረት ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች። የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከ1,560 ፓውንድ መብለጥ የለበትም ትላለች።

«ሰውየው ስምንት ሺህ አላለም እንዴ?» አለች ዴሌኒ።

«ያ የሚጎትተው ነው» አለ ግራንት። «ይሄ የሚሸከመው።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

ግራንት ትምህርት ቤቱን ወክሎ ትግል ይገጥማል፤ አባቱም በዘመኑ ይገጥም ነበር። እዚያ ቤት ሁሉም ነገር በትግል ነው የሚብራራው። ታናሽ ወንድሙን ዊሊስን በአገጩ አመለከተ። «ዊሊስን እግሩን ይዤ ምንጣፍ ለምንጣፍ ስጎትተው እውላለሁ፤ አይደክመኝም። ትከሻዬ ላይ አድርጌው ደረጃ ውጣ ብትዪኝ ግን ወገቤ ይቆረጣል። ተጎታቹ ደግሞ ዝም ብሎ ከኋላ አይከተልም። አፍንጫውን፣ የሚያያዝበትን የፊቱን ብረት፣ መኪናው ላይ ያሳርፋል። የአፍንጫው ክብደት ከሸክሙ ይቆጠራል።»

«እኛስ?»

«እኛም።»

«ታዲያ ስምንት ሰው ካልቻለ ስምንት ወንበር ለምን ሠሩበት?»

«ይችላል። ካልጎተተ።»

«ይጎትታል ተባለ እኮ!»

«ይጎትታል። ሰው ካልሞላበት።»

ዴሌኒ መልስ አጣች። ይህ በሩስካ ቤት ብርቅ ነገር ስለሆነ እናቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት።

እንግዲህ ብጣሽ ወረቀቶቹ የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። የአፍንጫው ክብደት ከተጎታቹ ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ አለ፤ 680። የቀረው የሰዉ ነው። ሁሉም እጁን እየከለለ ጻፈ። እናቷ ጽፋ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። አባቷ ጣሪያውን አይቶ አንድ ቆንጆ ትዝታ እንደመጣለት ሰው ፈገግ ብሎ ጻፈ። ግራንት ሳያስብ ጻፈ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ዊሊስ ምላሱን አውጥቶ ጻፈ። መንትዮቹ ሁለት እህትማማቾች ተማክረው አንድ ዓይነት ቁጥር ጻፉ። ለአራት ዓመቱ ኦጊ እናቱ ጻፈችለት። ዴሌኒም የራሷን ጻፈች፤ ስንት ብላ እንደጻፈች አሁን አይነሳ።

ሦስት ጊዜ ደመረችው። አንዴ ሰባት መቶ፣ አንዴ ዘጠኝ መቶ ሆነባት። በአራተኛው ግን ቆመላት።

«ሰዉ ስምንት መቶ ሰባ ሦስት! ከአፍንጫው ጋር አንድ ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ሦስት!»

«ሰባት ፓውንድ ተረፈ!» ብሎ ጮኸ ቨርሊን፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ።

«ሰባት ፓውንድ ሙሉ የኮላችኪ ኬክ እጋግራለሁ» አለች ጆሊን። «ግማሹን ፕሪም፣ ግማሹን አይብ ሞልቼ።»

ዴሌኒ ግራንትን አየችው። ግራንት ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ ጣሪያውን ያያል። ደስ ያለው አልመሰላትም፤ የከፋውም አልመሰላትም። ምን እንደመሰላት አላወቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት ቨርሊን፣ ሰባቷን ፓውንድ የሚያሳየው ሰው ፈልጎ ይመስላል፣ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ እህል ጎተራው ሄደ። ስንዴው ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ስለሚቀረው የጎተራው ሚዛን ሥራ ፈትቶ ነው ያለው። የሞላ ካሚዮን የሚወጣበት ረጅም ብረት ነው፤ ቁጥሩን ቢሮው ግድግዳ ላይ ባለ ሰሌዳ በቀይ መብራት ያወጣል፤ ሃያ ሃያ ፓውንድ እየዘለለ። አጎት ዴል ተጎታቹን በእርሻ ፒክአፑ ጎትቶ አመጣው። እነሱ በጥቁሩ መኪና ተከተሉት። ሚዛኑን ሠላሳ ዓመት የያዘችው ወይዘሮ አርሊስ መስኮቷን ከፍታ ጥቁሩን መኪና ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማን ሞተ ቨርሊን? አስከሬን ነው የጫንከው?»

«የኛ ነው። ማለቴ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የኛ ይሆናል።»

ተጎታቹን ሚዛን ላይ አወጡት። ምግቡ፣ ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ ሁሉ ገብቶበት 6,100 መዘነ። «አያችሁ!» አለ ቨርሊን። ከዚያ ፒክአፑን ፈትተው አፍንጫውን ብቻ ብረቱ ላይ አስቀመጡት። ሰሌዳው 720 አለ።

«መጽሐፉ ስድስት መቶ ሰማንያ ነው የሚለው» አለ ቨርሊን።

«መጽሐፉ ውስጥ ድስት የለማ» አለች አርሊስ።

ዴሌኒ ደብተሯ ላይ ደመረች። «አባዬ፣ ሰባት ተርፎን ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሦስት በለጠብን።»

«ድስቱን እናወጣዋለን።»

«ከውስጡ መቶ ፓውንድ ብታወጣ አፍንጫው የሚቀልለው አሥራ ሁለት ብትሆን ነው» አለች አርሊስ። «ሌላው ጎማው ላይ ነው ያለው።»

«ውሃውን ሁሉ ከኋላ በኩል እንጫነው!» አሉ መንትዮቹ በአንድ ድምፅ።

«ጅራቱ ከከበደ ይወዛወዝና ገደል ይከታችኋል» አለ ዴል፣ ደስ እያለው።

ዴሌኒ እርሳሷን ነከሰች። ከሚወጣው መቶ ውስጥ አፍንጫውን የሚያቀልለው አሥራ ሁለቱ ብቻ ከሆነ የቀረው ሰማንያ ስምንት የት ሄደ? ጎማው ላይ ከሆነስ ጎማው መኪናውን አይነካውም እንዴ? አይነካውም ለካ። ታዲያ ማንን ነው የሚነካው? መሬትን? ራሷን አመማት።

«ምናልባት ሰዉን አብዝተን ጽፈን ይሆናል» አለ ቨርሊን። «ቀለል እንል ይሆናል።»

ጆሊን ጫማዋን አየች።

«ሰዉን በምን መዘናችሁት?» አለች አርሊስ።

«በወረቀት። እያንዳንዱ የራሱን ጻፈ።»

አርሊስ መስኮቱ ላይ ተደፍታ እስኪያስላት ሳቀች። «ቨርሊን፣ እዚህ መስኮት ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ። እህሌ ደረቅ ነው ብሎ ያልማለ ገበሬ አላየሁም፤ እህሉን ስፈትሸው ግን ውሃ ነው። አፍንጫውን አውርዱትና እናንተ ውጡበት።»

«እኔ አልወጣም!» አለች ጆሊን።

«እማዬ፣ አፍንጫው እንኳ ወጥቷል» አለች ዴሌኒ።

«አንቺ ዝም በይ። አልወጣም። ወይም ሁላችንም አንድ ላይ። ማን ስንት እንደሆነ እንዳይታወቅ።»

በዚህ ተስማሙ። ስምንቱም ፎቶ እንደሚነሱ ሰዎች ብረቱ ላይ ተደረደሩ። ኦጊ የእናቱን እጅ ይዟል። ሰሌዳው ተርገበገበ፣ አመነታና ቆመ።

1,020።

ዴሌኒ እርሳሷን አንቀሳቀሰች።

«ከትናንቱ መቶ አርባ ሰባት ይበልጣል» አለች። «መቶ አርባ ሰባት ፓውንድ ውሸት በልተን አድረናል።»

«ማነው?» አለ ቨርሊን ዞሮ። «ማነው የዋሸው? ግራንት! ስንት ብለህ ነው የጻፍከው?»

«መቶ ሃምሳ ሁለት። የትግል ምድቤን።»

«ያ የየካቲት ቁጥር ነው! ክብደት ለመቀነስ በፕላስቲክ ተጠቅልለህ ስትሮጥ፣ ኩባያ ውስጥ ስትተፋ ከርመህ ያገኘኸው ነው! ሰኔ ላይ ነን!»

«ስንት ነህ ስባል ሁሌ እሱን ነው የምለው። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

እውነቱን ነው። እዚያ ቤት ክብደት ማለት የሆንከው አይደለም፤ ውድድር ቀን ጠዋት የደረስክበት ነው። ዊሊስም ለመጪው ዓመት ቀንሶ ሊደርስበት ያሰበውን ምድብ እንደጻፈ አመነ። መንትዮቹ ደግሞ ባለፈው ዓመት ክሊኒክ የተባሉትን። «አንቺስ?» ተባለች ዴሌኒ። «እኔ ደማሪ ነኝ፤ ደማሪ አይጠየቅም» አለች። «አባዬስ?» ቨርሊን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሁለት መቶ ሃያ» አለ። «የሠርጌ ቀን።» ጆሊንን የጠየቃት የለም፤ መኖር የሚፈልግ ሰው አይጠይቃትም።

ዴሌኒ ሰባት መቶ ሃያውንና አንድ ሺህ ሃያውን ደመረች። 1,740። ከቢጫዋ ወረቀት መቶ ሰማንያ ይበልጣል። እንደገና ደመረች፤ አንዴ 1,470 ሲመጣላት ልቧ ዘለለ፤ ለካ አገላብጣ ጽፋ ነው። እንደገና መቶ ሰማንያ። ግራንት በትከሻዋ በኩል ደብተሯን አየ። ዞረና ከብረቱ ላይ ወረደ።

ቀዩ ቁጥር ተርገበገበ። 840።

ዴሌኒ ሳትፈልግ ደመረችው። ስምንት መቶ አርባና ሰባት መቶ ሃያ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ስልሳ። ልክ። አንድም አይበልጥ፣ አንድም አይጎድል።

«ገጠመ» አለ ግራንት፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ። «ከነጫማዬ መቶ ሰማንያ ነኝ። እናንተ ሂዱ፤ እኔ ለአጨዳው እዚሁ ሥራ አላጣም። አይደል ወይዘሮ አርሊስ?»

አርሊስ ቨርሊንን አየችው።

ዴሌኒ አባቷን አየች። ቨርሊን ቀዩን ቁጥር ያያል፤ ከዚያ ጥቁሩን መኪና፤ ከዚያ ሰዓቱን። ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ፊቱ ላይ እፎይታ አየች። ወዲያው ሄደ። ግን አይታዋለች። ጉዞው የተባለው ለግራንት ነበር። አሁን ግራንት ሲወጣ ነው ጉዞው የሚሞላው? እንዴት ያለ ሂሳብ ነው ይሄ? ወደ ኋላ ተመልሳ የተሳሳተችበትን ልትፈልግ ሞከረች፤ ስህተት የለም። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። ልክ ሆኖ ነው የተበላሸው።

«ተመለስ» አለችው።

«ገጠመ እኮ ዴሊ።»

«ተመለስ አልኩህ!»

«ሕፃን አትሁኚ።»

«እሺ፤ እኔም ወረድኩ» ብላ ዘለለች።

ሰሌዳው ቀነሰ። መንትዮቹ ተያዩና ጨዋታ መስሏቸው ተከታትለው ዘለሉ። ሰሌዳው ሁለት ጊዜ ቀነሰ። ዊሊስ ወረደ። ቨርሊን «ተመለሱ! ምን እያደረጋችሁ ነው? ተመለሱ!» እያለ ይጮኻል። ኦጊ የእናቱን እጅ ጥሎ ወደ መንትዮቹ ሮጠ። አሁን ብረቱ ላይ የቀሩት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ጆሊን ሰሌዳውን ቀና ብላ አየች፤ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር አንዱን ከአንዱ መቀነስ ለማንም እንደማይከብድ ገባትና፣ እንደ ልጃገረድ ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች።

ቨርሊን ብቻውን ቀረ። ሰሌዳው ላይ 260።

«ሁለት መቶ ስልሳ፣ ቨርሊን!» አለች አርሊስ በድምፅ ማጉያው፤ ግማሽ ከተማ ሰማ። «የሠርግህ ቀን እንደዚህ አልነበርክም!»

ዴል ፒክአፑ ላይ ተደግፎ አነባ፤ በሳቅ። ቨርሊን ጆሮው ድረስ ቀላ። ቆሞ ልጆቹን አያቸው፤ ስድስቱም ሚዛኑ ዳር አፈር ላይ ቆመዋል፤ ከስድስቱ አንዱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ እርሻው ዞሯል። ቨርሊን ያን ጀርባ ሲያይ ሳቁም ቁጣውም ጠፋበት። ብረቱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ታዲያ ምን ልግዛ?» አለ። ማንን እንደጠየቀ ግልጽ አልነበረም።

«ሚኒባስ» አለች አርሊስ፣ ማጉያውን አጥፍታ። «እናቴ ያለችበት የአረጋውያን ቤት አሮጌውን ሊሸጠው ውጭ አቁሞታል። አሥራ ሁለት ወንበር ነው።»

«ሚኒባስ? እኔ? ሽማግሌ ጸጉር አስተካካይ ቤት የሚያመላልስ መኪና?»

ጆሊን የጥቁሩን መኪና ቁልፍ ከእጁ ወሰደች። «የሚመጣ ይምጣ፤ ግራንት ከፊት ግባ» አለች።

ሚኒባሱ ነጭ ነው፤ አሮጌ ነው፤ ሲከፈት የጡንቻ ቅባትና የከረሜላ ሽታ ይመጣል። በጎኑ «የአመሻሽ ጀምበር የአረጋውያን ቤት» ተብሎ በሰማያዊ ተጽፎበታል። በየወንበሩ መደገፊያ ብረት አለው። ኦጊ ሁሉንም ብረት ሞክሮ «ይሄ ጥሩ ነው» አለ፤ ግን ኦጊን የሚሰማ የለም። የበሩን ወረቀት ያነበበችው ዴሌኒ ናት።

«ሦስት ሺህ አርባ ይሸከማል!»

«የሚጎትተውስ?» አለ ቨርሊን።

አረጋውያን ቤቱን የሚመራው ሰው ወረቀቱን አመጣ። ሰባት ሺህ አራት መቶ።

«አየሽ፤ ከጥቁሩ ያንሳል» አለ ቨርሊን። «ያኛው ስምንት ሺህ ነበር። የበለጠ የሚጎትተውን ትተን ያነሰ የሚጎትተውን እንግዛ ነው የምትይኝ?»

ዴሌኒ ደብተሯን አገላበጠች። ብዙ የሚጎትተው የእነሱን አይችልም፤ ትንሽ የሚጎትተው ይችላል። ትናንት ማታ ቢነገራት በሳቅ ትሞት ነበር። «ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ አባዬ» አለች። «ተጎታቹ ስድስት ሺህ መቶ ነው፤ ይጎትተዋል። እኛ ከነአፍንጫው አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ነን፤ ይሸከመናል። ሁላችንንም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ደምሬዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ልክ ነው።»

ቨርሊን ሚኒባሱን ዞረው። ጎማውን በእግሩ መታ፤ ወንዶች ለምን ጎማ እንደሚመቱ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ጎኑ ላይ ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ይሄ ጽሑፍ ይነሳል?» አለ፤ ጆሊንም ያኔ መግዛቱን አወቀች።

ጥቁሩን መኪና ሲመልስ ዴሌኒም አብራው ሄደች። ሻጩ ፈገግታው ሳይጎድል እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ነው የጠበቃቸው።

«ምን አጠፋ መኪናው?»

«ምንም» አለ ቨርሊን፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «አንድ ልጅ ያስተርፋል።»

«የትኛውን?»

«እሱን ነው መምረጥ ያቃተን።»

ሻጩ አልገባውም። ዴሌኒ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን አንድ ነገር የገባት መሰላት። ውጭ ወጥታ መልሳ ስታስበው ግን ጠፋባት።

ሚኒባሱ ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ በቀላሉ አይነሳም። በነጋታው ከሰዓት ዴሌኒና ግራንት የእናታቸውን የጸጉር ማድረቂያ በረጅም ሽቦ አውጥተው፣ እሱ ፊደሉን ሲያሞቀው እሷ በጥፍሯ እየላጠች «የአመሻሽ» የሚለውን ጨረሱ።

«ለምን ወረድክ?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«ለቁጥሩ።»

«ውሸታም።»

ማድረቂያውን አጠፋው። «እሺ። ግማሹ ለቁጥሩ።»

«ግማሹስ?»

«አላውቅም። አሥር ቀን ሙሉ ሁላችሁም እንደዚህ ስታዩኝ…» ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከንፈሩን ጥሎ፣ ጥጃ የሞተባት ላም መሰለ። «እማዬ አሁንም እንደዚያ ነው የምታየኝ። ኩኪ በሰጠችኝ ቁጥር። ሳልሄድ የሄድኩ ነው የሚመስለኝ። ዝም ብዬ እዚሁ ስንዴ ስገፋ ቆይቼ አንድ ጠዋት ብሄድ ይቀላል ብዬ ነው።»

«ለማን ነው የሚቀለው?»

«እኔ እንጃ።»

ዴሌኒ ተናደደች። ወዲያው አሳዘናት። ወዲያው እንደገና ተናደደች። እሷ ከሚዛኑ የዘለለችው ለእሱ ብላ ነው፤ እሱ ግን መቅረት ፈልጎ ነበር? ወይስ ፈልጎ አልነበረም? ግማሽ የፈለገ ሰው በስንት ይቆጠራል? «ታዲያ ትመጣለህ አትመጣም?» አለችው።

«መኪናው ተገዛ እኮ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ግራንት ማድረቂያውን መልሶ አበራው፤ ጩኸቱ ወሬውን ዋጠው።

ሐምሌ አንድ ቀን ጠዋት ሁሉም ተሳፈረ። ቨርሊን መሪው ላይ፣ ጆሊን ኮላችኪውን ጭኗ ላይ ይዛ ከጎኑ፣ ልጆቹ ከኋላ ተበታትነው። ወንበር ተርፎ ኦጊ ብቻውን ሁለት ይዟል። ዴሌኒ መጨረሻ ወንበር ላይ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ውጭ የቀረው ግራንት ብቻ ነው። ተጎታች ሲነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ መብራቱን ማየት አለበት።

«ግራ!» አለ ቨርሊን በመስኮቱ።

«ይሠራል!» አለ ግራንት ከኋላ።

«ቀኝ!»

«ይሠራል!»

«ፍሬን!»

«ሁለቱም!»

«ሰንሰለቱስ?»

ብረት ሲንቀጨቀጭ ተሰማ። «ጠብቋል!»

ከዚያ ዴሌኒ አንገቷን አጣማ ወደ ኋላ አየች። ግራንት ተጎታቹ አጠገብ ቆሞ ቤቱን ያያል፤ የመኪና ማቆሚያውን፣ ደረጃውን፣ የትግል ምንጣፉ በፀሐይ እንዲደርቅ የተሰጣበትን አጥር። አሁን ሁሉም ተፈትሿል። መቆያ የሚሆን ሰበብ አልቋል።

«ሌላ የሚታይ አለ?» አለ ቨርሊን።

ዴሌኒ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ እንደምትጮህ ግን አልመጣላትም። ና? ቅር? እንደፈለግክ? አፏን ዘጋችው።

«የለም» አለ ግራንት።

የጎኑ በር ተንሸራቶ ተከፈተ። ግራንት እግሩን ደረጃው ላይ ሲያሳርፍ ሚኒባሱ በትንሹ ዝቅ አለ፤ ማንም ምንም አላለም። በእግረ መንገዱ የዊሊስን ኮፍያ ዓይኑ ላይ ጎትቶ፣ የመንትዮቹን እግር ረግጦ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር መጣ። ዴሌኒ ቦርሳዋን አነሳችለት። አጠገቧ ዘፍ ብሎ ጉልበቱን ከፊቱ ወንበር ጋር አጋጨ።

«እንዳታይኝ» አላት።

«ማን አየህ?» አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።